የሚዜዋ ጫማ

«ይኼን አድርገሽ ነው የምትገቢው?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ዓይናቸውን ከገላኔ እግር ላይ ሳያነሱ።

ገላኔም ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። የማታውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ፊቷ ስለጋለባት የምትደብቅበት አጥታ ነው። ጫማዋ ግራጫ፣ ሶሉ ወፍራም፣ አፍንጫው ሰፋ ያለ የስፖርት ጫማ ነው። ከላዩ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚዜ ቀሚስ እስከ መሬት ወርዷል። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም።

መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለችው የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዝም አሉ። የምትዳረው የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጅ ናት። ሚዜዎቿ ቀሚሳቸውን ሊለኩ የተሰበሰቡበት ቀን ነው። ከመሃላቸው ገላኔን የሚያውቃት አልነበረም፤ ያመጣት የሙሽራዋ ወንድም ብሩኬ ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ለዛሬ ነው እትዬ» አለች ገላኔ። «ለሰርጉ ቀን ከቀሚሱ ጋር የሚሄድ ጠፍጣፋ ጫማ ገዝቻለሁ።»

«ጠፍጣፋ?»

«ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ገና አልጠናልኝም። ታኮ ተከልክያለሁ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ክፉ ሴት አይመስሉም፤ ድምፃቸውም ከፍ አይልም። ሰውን የሚያቆስሉት እንደሚመክር ሰው ሆነው ነው። «የኔ ልጅ፣ ቀሚሱ የተቆረጠው በታኮ ተለክቶ ነው። ይጠር ብንል ደግሞ ሌሎቹ ረዝመው አንቺ ብቻሽን ጉድጓድ ውስጥ የቆምሽ ነው የምትመስይው። ፎቶ እኮ ዕድሜ ልክ ነው የሚቀመጠው።» ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «ብሩኬ፣ ጉልበቷን የምትታመም ልጅ ነው ሚዜ ብለህ ያመጣህልኝ?»

ገላኔ ወደ ብሩኬ አየች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። የጉልበቷን ነገር ከሐኪሞቹ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እንኳን ታኮ፣ የትኛው ደረጃ ላይ የትኛውን እግሯን እንደምታስቀድም ያውቃል። ብሩኬ ዓይኑ ከዓይኗ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ወደ ቁልፉ መለሰው።

«ታደርጋለች እማዬ» አለ። «ታኮ ታደርጋለች። አታስቢ።»

ልብስ ሰፊዋ ልታሳጥረው የያዘችውን ጠርዝ ለቀቀችው። ገላኔ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ አየቻት፤ ስለ እሷ ሲወራ የምትሰማ፣ እሷን ግን ማንም ያልጠየቃት ልጅ። እንዲህ ያለ ብርድ በሐምሌም በርዷት አያውቅም።

*

ገላኔ የአቶ ሂርጳ ልጅ ናት። አቶ ሂርጳ ከጀሞ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሳይሠሩ በፊት ጤፍና ሽምብራ ያርሱ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ከመሬታቸው ግቢያቸውና የላሞቻቸው በረት ብቻ የቀረላቸው ሰው ናቸው። ወተት ይሸጣሉ። የብሩኬ አባት አቶ ቦጋለ ደግሞ ላፍቶ ዋናው መንገድ ላይ ብረትና ሲሚንቶ ያከፋፍላሉ፤ መደብሩ ያለበት ፎቅም የራሳቸው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ክፍለ ከተማ ይኑሩ እንጂ የሚያገናኛቸው ጉዳይ አልነበረም። ያገናኛቸው ኳስ ነው።

ገላኔ በሴቶች ቡድን ውስጥ አማካይ ተጫዋች ነበረች። ብሩኬ አንድ ቅዳሜ ጓደኞቹን ተከትሎ ጨዋታ ሊያይ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን መምጣት ጀመረ። ጨዋታው ሲያልቅ ውሃ ይዞላት ይቆማል። እሷ ትጠጣለች፣ ታመሰግነዋለች፣ ትሄዳለች። ወራት እንዲሁ አለፉ። ጉልበቷ የተጎዳውም እሱ እያየ ነው። የራሷ ታኬታ ተቀዶባት ከቡድን ጓደኛዋ ተውሳ ነበር፤ የተዋሰችው ጥርሱ ረጅም ነው፣ ሜዳው ደግሞ ሰው ሠራሽ ሣር። ኳሷን ይዛ ልትዞር ስትል ታኬታው ሣሩን ነክሶ ያዘው። ሰውነቷ ዞረ፤ እግሯ ግን እዚያው ቀረ። ከጉልበቷ ውስጥ የወጣውን ድምፅ ዳር የተቀመጡት ሳይቀሩ ሰምተውታል። ብሩኬ አጥር ዘሎ ነው የገባው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሳት እሱ ሆነ። ባለሙያው ሬድዋን ይባላል፤ ቀልድ የማይሆንለት፣ እጁ ግን ደህና የሆነ ሰው። መጀመሪያ ያዘዛት ነገር ሁለቱንም አስገርሟቸዋል። «ቤት ያሉሽን ጫማዎች በሙሉ ይዘሽልኝ ነይ» አላት። በፌስታል ይዛለት ሄደች። ሬድዋን ወለሉ ላይ ደርድሮ እያነሳ፣ እያጠፈ፣ ሶላቸውን እያገላበጠ ፈረደባቸው።

«ይኼ በውጭ በኩል ተበልቷል። በረገጥሽ ቁጥር ጉልበትሽን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ይጣል። ይኼ ሸበጥ እግርሽን አይዝም፤ እንዳይወልቅብሽ ስትጠነቀቂ አረማመድሽ ይበላሻል። ቤት ውስጥም ቢሆን ተረከዝ የሚይዝ ይሁን።» ለምርቃቷ የገዛችው አንድ ባለ ታኮ ጫማ ነበራት። እሱን አንስቶ ቆየ። «ይኼን ስታደርጊ ተረከዝሽ ይነሳል፣ ሰውነትሽ ወደፊት ይሄዳል። እንዳትወድቂ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ብሎ ነው የሚሸከምሽ፤ ጫናው ሁሉ ከጉልበትሽ ሎሚ ኋላ ይከማቻል። ጤነኛ ጉልበት ለተወሰነ ጊዜ ይችለዋል። ያንቺ ጅማት ግን አዲስ የተተከለ ነው፤ ገና ሥር አልያዘም።»

ሬድዋን እንዲህ ያለ ይሁን ብሎ የነገራቸውን ጫማ ብሩኬ ዞሮ ዞሮ ገዝቶ መጣ፤ ያ ግራጫው ነው። ገላኔ ያኔ ጎንበስ ማለት አትችልም። ብሩኬ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየው መሬት ላይ ተንበርክኮ አጠለቀላት። ማሰሪያውን ሲያስር «ጠበቀብሽ?» እያለ ቀና ብሎ ያያታል። አልመለሰችለትም። አፏን ብትከፍት ስለ ጫማው እንደማትናገር አውቃ ነው። የሀብታም ልጅ፣ የተጫማው ጫማ የሚያብረቀርቅ፣ ጉልበቱን አቧራ ላይ አሳርፎ ከእግሯ ሥር ተቀምጧል፤ ማንም ቢያየው ግድ ያለው አይመስልም። ያን ዕለት ልቧ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልትመልሰው አልሞከረችም።

*

ከልብስ ስፌት ቤቱ ሲወጡ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ታክሲዎቹ እርስ በርስ ተዘጋግተው ቆሙ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ለሚዜዎቹ የገዙት ባለ ታኮ ጫማ ከነካርቶኑ ኋላ ወንበር ላይ ነው።

«ሬድዋን ያለውን አብረን ነው የሰማነው» አለች ገላኔ።

«አንድ ቀን እኮ ነው ገላዬ።»

«ቀኑን ሙሉ መቆም አለ። ደረጃ አለ፣ ጭፈራ አለ። ከሰርጉ በኋላ ደግሞ አሠልጣኟ ሜዳ ላይ ልታየኝ ቀጥራኛለች። ለዚያ ቀን ምን ያህል እንደለፋሁ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።» መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገው። «ሬድዋን ግን እናቴን አያውቃትም። እሷ አንዴ ፊቷን ካዞረችብሽ አለቀ። ሚዜ ያስደረግኩሽ ለምን ይመስልሻል? ታይሽ፣ ትልመድሽ ብዬ ነው። ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«እስካሁን አልነገርካቸውም?»

«ለእህቴ ነግሬያታለሁ» አለ። ሲናገር ግን በኋላ ማሳያው መስታወት ነው ያየው፤ ከኋላቸው የሚታይ ነገር አልነበረም።

ገላኔ ይኼን አላስተዋለችም፤ ወይም አስተውላ ተወችው።

«ለእኔ ብለሽ» አላት ብሩኬ። እጇን ይዞ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው። «ያንን ቀን ካለፍን ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

እሷም እሺ አለችው። ጉልበቷን እየጠየቃት እንደሆነ አልታያትም፤ ሊያገባት የጠየቃት ነበር የመሰላት።

በማግስቱ ግን ወደ ሬድዋን ሄደች። ሬድዋን ሰምቷት ሲያበቃ «እምቢ ብልሽ ትተይዋለሽ?» አላት። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ መልሳ አሰረችው። «እንግዲያው ስሚኝ። ቆመሽ ፎቶ ስትነሺ አድርጊው፤ ስትንቀሳቀሺ አውልቂው። ደረጃ ላይ በፍጹም። አትጨፍሪ። ጡንቻሽ ከደከመ በኋላ ጉልበትሽን የሚይዝልሽ የለም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ያ ጫማ የሚያስርልሽ ልጅስ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«እሱ ነው የለመነኝ።»

ሬድዋን ተነሳ። ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ይታጠብ ጀመር። ገላኔ ከክሊኒኩ ስትወጣ ያፈረችው ለራሷ ይሁን ለብሩኬ መለየት አቃታት።

*

ለሰርጉ ጠፍጣፋውን ጫማ በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን ሚዜ ቦርሳ አንጠልጥላ አትታይም ብለው ቦርሳዎቹን ሁሉ በብሩኬ መኪና ውስጥ አስቆለፉ።

ፎቶ የተነሱት ሣር ላይ ነው። ታኮው ለስላሳው መሬት ውስጥ እየሰመጠ እግሯን ያጣምመዋል። አንዴ ዛፍ ተደግፋ ልታወልቀው ስትል ፎቶ አንሺው «ሚዜዎች ተጠጉ፣ ፈገግ» አለ፤ መልሳ አደረገችው። ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ። ቀሚሱ ረጅም ስለሆነ አይታይም። ሲነኩት እንደ ሊጥ ለስልሶ ይግላል።

አዳራሹ ላፍቶ ነው፤ ወለሉ መልክ የሚያሳይ ሴራሚክ። ሙሽሮቹ መድረኩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሚዜዎቹ ትንሽ ፋታ አገኙ። ገላኔ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብላ ጫማዋን ልታወጣ ብሩኬን ፍለጋ ወረደች። ከአባቱ የሥራ ወዳጆችና ከእናቱ ጋር ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቷት አገኘችው። ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ከሰዎቹ አንዱ የሚናገረውን ሰማች።

«ያቺ ከሚዜዎቹ ዳር የነበረችው የማን ልጅ ናት? ደም ግባት አላት።»

«እሷ?» አለ ብሩኬ ሳቅ ብሎ። «አንድ ሚዜ ጎድሎብን በመጨረሻ የተጨመረች ልጅ ናት። እኔም በደንብ አላውቃትም።»

ይኼን ሲል ሰውየውን አላየም። እናቱን ነው ያየው፤ ትክክለኛውን መልስ መመለሱን ከፊታቸው ሊያነብ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ገላኔ እጇን ሰበሰበች። ቁልፉን አልጠየቀችም። ሴራሚኩን በእግር ጣቶቿ እየጨበጠች የምትሄድ ይመስል በጥንቃቄ ተራመደችና ወደ መድረኩ ተመለሰች። ለካ መኪናው ውስጥ ወደ መስታወቱ ያየው ለዚህ ነው፤ ለእህቱም አልነገራትም። ለካ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እሷ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አላውቃትም አለ።

ሙዚቃው ሲነሳ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ይዘው ለጭፈራ ወረዱ። ገላኔ መቅረት ትችል ነበር። ጉልበቷ እየመታ ነው፤ የሬድዋን ቃል ጆሮዋ ላይ ነው። ሆኖም ወረደች። ብሩኬ ያያት ዘንድ፣ ዳር ቆማ የምታለቅስ እንዳይመስለው፣ ከሁሉም በላይ ጨፈረች። ትከሻዋ ሲወርድ ሰው ክብ ሠራላት፣ አጨበጨበላት፤ እሱም አንገቱን ከሰው በላይ አውጥቶ እያያት ነበር። ዓይናቸው ተገናኘ። ቀድማ ፊቷን ያዞረችው እሷ ናት፤ ፊቷን ተከትሎ ሰውነቷ ዞረ። ታኮው ሸርተት አለ። ጉልበቷ ያንን የሜዳውን ድምፅ አሰማ፤ በሙዚቃው መሃል የሰማችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ስትወድቅ ቀሚሷ ከጭኗ በላይ ተገለበጠ። ያበጠው ጉልበቷ ለአዳራሹ ሁሉ ታየ።

«ካሜራውን ወደ ሙሽሮቹ አዙረው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። አልጮኹም። «እናንተ ልጆች፣ አንሷት ከዚህ። ልብሷን ሸፈን አድርጉላት።»

ገላኔ ወለሉ ላይ ሆና ብሩኬን ፈለገችው። አየችው። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። እናቱ አዩት። ቆመ።

አስተናጋጆች ናቸው ያነሷት። በጓሮ በር አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ብሩኬ ከቆይታ በኋላ ቦርሳዋን ይዞ መጣ፤ ታክሲ ጠርቶ ነበር። ደግፎ አስገብቶ በሩን ዘጋው። «ኬክ ሊቆረጥ ነው» አላት በመስኮቱ። «ካልገባሁ እማዬ ትጠይቃለች። እደውልልሻለሁ፤ እሺ?»

ታክሲው ጥቂት እንደሄደ ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና «አይዞሽ እህቴ» አላት። ያን ሁሉ ሰው አልፋ የወጣችው ይኼን ቃል ሳትሰማ ነበር። ያኔ አለቀሰች፤ ቤቷ እስክትደርስ አላቆመችም።

*

ብሩኬ አልደወለም። «ነገሩ እስኪበርድ ታገሺኝ» የሚል አጭር መልእክት ስልኳ ላይ ላከ፤ ከዚያ በኋላ ጠፋ።

የኤምአርአዩን ውጤት ቀዶ ሐኪሙ በሐኪም ቋንቋ ነገራት። ሰው እንደሚገባው አድርጎ የነገራት ሬድዋን ነው።

«የተተከለው ጅማት ተበጥሷል። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልም አጥንትም ተቀዷል።»

«ኳስስ?»

«ሌላ ኦፕራሲዮን ይሠራልሻል። ትራመጃለሽ፣ ሥራ ትሠሪያለሽ፣ ልጅ ታዝያለሽ። ኳስ አይሆንም ገላኔ።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «ጫማው ነው?»

«ጫማው ብቻውን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ጡንቻሽ ዝሎ ነበር፤ ወለሉ ያዳልጣል፤ ዞርሽ። ጠፍጣፋ ብታደርጊ ኖሮ ላይደርስ ይችል ነበር። አይደርስም ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ይኼ እርግጠኛ ያልሆነው መልስ ነው የጎዳት። ሁሉንም ጥፋት ለታኮው ሰጥታ ብታርፍ ደስ ባላት። ሬድዋን ግን ጭፈራውንም መለሰላት፣ እሺታዋንም መለሰላት፤ የድርሻዋን ይዛ ወጣች። በዚያው ሳምንት የእሷ ቁጥር ያለበትን ማልያ አሠልጣኟ ለሌላ ልጅ መስጠቷን ሰማች። የሚያስቀይም ነገር የለውም፤ ቡድን ቦታ ባዶ አያሳድርም። ቢሆንም ማልያውን ያጠበችው እሷ ነበረች፤ አጥባ፣ አጥፋ፣ እመለሳለሁ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

*

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎች ወደ አቶ ሂርጳ ግቢ ገቡ። ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ገዲሴ፣ የገላኔ እናት፣ ተደናግጠው ወንበር አወጡ። ገላኔ ጓዳ ውስጥ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች፤ በመሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። የመጡት ከነአቶ ቦጋለ ቤት መሆኑን ስትሰማ ልቧ እንዴት እንደዘለለ እግዜር ይወቅ። ይኼን ቀን ስንቴ አስባዋለች። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ፣ አባቷ ሲያስቆሟቸው፣ እሷ ጓዳ ሆና ስትሰማ። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ይቅር አለችው፤ አዳራሹንም፣ ሳቁንም፣ የቆመበትን ቦታም።

«ቁጭ በሉ አባቶች» አሉ አቶ ሂርጳ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ። «አቶ ቦጋለና ባለቤታቸው ልከውን ነው። ልጅዎ በእነሱ ድግስ ላይ ነው ጉዳት የደረሰባት። ሰዎቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፤ የሰው ልጅ ጎድተን ዝም አንልም ብለዋል። ሕክምናዋን ይችላሉ። ልጁም ጥፋቱን አምኖ ሊያገባት ፈቅዷል።»

ገላኔ ትራሱ ላይ ቀና አለች።

አባቷ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ። «እግዜር ይስጣቸው» አሉ። «ልጄም እንግዲህ እንደ ድሮዋ አይደለችም። ይኼን ያህል ካሰቡላት...»

ድምፃቸው ውስጥ እፎይታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ካሉት ሁሉ ይልቅ ያ እፎይታ አንገቷን አስደፋት። ክራንቾቿን አንስታ በጓሮ በር ወጣች።

ልማዱ አይደለምና ብሩኬ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልገባም፤ መኪናውን ከግቢው ኋላ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሞ ይጠብቃል። ሲያያት ወርዶ መጣ። ከስቷል፤ ፂሙንም አልተላጨም።

«ገላዬ፣ ለምን ወጣሽ? እግርሽ...»

«እግሬን ተወው። እናትህ እንዴት እሺ አሉ?»

ብሩኬ ወደ መሬት አየ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልዋሸም። «ከሰርጉ በኋላ እህቴ ታመመች። ቀላል ነው፣ ድናለች። እማዬ ግን ፈራች። የሰው ልጅ ከድግሴ አልቅሳ ወጥታለች፣ እንባዋ የልጄ ትዳር ላይ እንዳይወርድ አለች። እኔም ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳት። እንደምወድሽም ነገርኳት።»

«ምን አሉህ?»

«እንግዲያው አንተው ካሳት፣ አለችኝ።»

ከባሕር ዛፉ ላይ ቅርፊት ተላጠና በመሃላቸው ወደቀ። ሁለቱም እሱን አዩ።

«ባልወድቅ ኖሮ ትነግራቸው ነበር?»

ብሩኬ የወደቀውን ቅርፊት በእግሩ ገፋ አደረገው። «ጊዜ ይፈልግ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምን ያህል?»

«አላውቅም። አሁን ምን ያደርጋል ይኼ ሁሉ ጥያቄ? መጥተናል እኮ ገላኔ። የፈለግነው ይኼንኑ አልነበረም?»

ይኼንኑ ነበር። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። እሺ ብትል ነገ ከነገ ወዲያ በየቀኑ ታየዋለች፤ ጠዋት ሲነሳ፣ ማታ ሲገባ። ያንን ቤት ግን አየችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ስታነክስ ባዩዋት ቁጥር፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው እንዴት እንዳመጧት ሲያስረዱ ሰማቻቸው። እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ ፊታቸውን ሲያነብ አየችው።

«እኔን አይደለም የምታገቡት» አለች። «እንባዬን ነው።»

«እንዲህ አትበይ።»

«ሂድና ለእናትህ ንገራቸው። ገላኔ አላለቀሰችም በላቸው። ያን ዕለትም፣ ከዚያም ወዲህ። እህትህ ትዳሯን ትኑር፤ የሚወርድባት ነገር የለም።»

«እኔስ?» አለ ብሩኬ። «እኔ ምን ልሁን?»

«አንተማ እናትህ ያሉህን ነው የምትሆነው።»

ይኼን የሚያሰኛት ቁጣዋ ሳይሆን ፍቅሯ እንደሆነ እሱ አላወቀም። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ትልቁ ሰውዬ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ገላኔ ቆማ አየችው። እጆቿ ክራንቾቹን ባይዙ ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ይበልጥ አጥብቃ ያዘቻቸው። ከዚያ ዞረች። የምትዞረው ቀስ ብላ ነው፤ እግሯን መጀመሪያ፣ ከዚያ ሰውነቷን። እስክትዞር ድረስ ሊጠራት ጊዜ ነበረው። አልጠራትም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ አላገባውም አለች። ታላቁ ሽማግሌ «አስቢበት ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ አይመጣም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እናቷ ወደ በረቱ ሄዱ። አቶ ሂርጳ ብቻቸውን ከባዶዎቹ ወንበሮች መሃል ቀሩ።

«ከእንግዲህ ማን ይመጣልሻል?» አሉ። ተቆጥተው አይደለም። መልሱን ከምር ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነበር የጠየቋት።

ገላኔ ክራንቾቿን መሬት ላይ አኖረች። ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እግሯን ለብቻው በእጇ አንስታ አንዱ ወንበር ላይ አሳረፈችው።

ከግቢው ኋላ የመኪናው ሞተር ተነሳ። ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ በጆሮዋ ተከተለችው። ከዚያ ከጀሞ ታክሲዎች ጫጫታ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። እሷ ግን መስማቷን አላቆመችም። ከዚያ ሁሉ መኪና መሃል የእሱን ብቻ ለይታ ልታወጣ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጥ ነበር፤ በእነዚያ ጆሮዎቿ አፈረችባቸው፣ ጠላቻቸው፤ ሆኖም እስኪመሽ ድረስ አዳመጠች።